የየትኛው በር በረኛ?

በአገሪቱ ትልቁ ሊግ ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ጎል አልገባብኝም። አንድም! ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጣምሙ ሰዎች አሉ፤ ያጣምሙ። ከቄራ እስከ ስታዲየም፣ ከካዛንቺስ እስከ ባምቢስ ቢፈለግ እንደኔ መረቡን ንጹሕ አድርጎ ጓንቱን የሰቀለ በረኛ አይገኝም። በአውሮፓም ስለመገኘቱ እጠራጠራለሁ።

እርግጥ ነው፣ እነዚያን ዓመታት ያሳለፍኳቸው ቤንች ላይ ነው።

ይህቺ ትንሽ ዝርዝር ናት፤ ልተዋት አስቤ ነበር። ግን ሚስቴ ይህን ጽሑፍ ማንበቧ ስለማይቀር፣ ካነበበችው ደግሞ እንግዳ ፊት ጮክ ብላ ስለምታርመኝ፣ እኔው ልቅደማት። አዎ፣ ተጠባባቂ በረኛ ነበርኩ። አጥቂ ይደክመዋል፣ ይቀየራል፤ ተጠባባቂው ተስፋ አለው። በረኛ ግን አይደክመውም። የኛ ዋና በረኛ ደግሞ ጉንፋን እንኳን የሚሸሸው ሰውዬ ነበር። በክረምት ጭቃ ላይ ሲንከባለል ውሎ በማግስቱ ከሁላችንም ቀድሞ ልምምድ ሜዳ ይገኛል። ክፉ አልተመኘሁለትም። ትንሽ የሆድ ቁርጠት ብቻ፣ ለአንድ እሁድ የምትበቃ። እሷም አልመጣችም።

በመጀመሪያው ዓመት ቤንች ላይ የምቀመጠው እንደ ሙሽራ ተሟልቼ ነበር። ጓንት በእጄ፣ ታኬታዬ ተወልውሎ፣ ካልሲዬ እስከ ጉልበቴ። በሁለተኛው ዓመት ጓንቱን ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ እጅ ያልባል። ቀጥሎ የቅልጥም መከላከያውን ቤት ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ከቱታዬ ስር ምን እንዳለና ምን እንደሌለ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

በረኛ የሆንኩት በተሰጥኦ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። የካዛንቺስ ልጅ ግን ያውቃል፤ በሰፈር ኳስ በረኛ የሚሆነው አርፍዶ የመጣ ነው። እኔ ደግሞ እናቴ ልካኝ ሳትጨርስ ስለማትለቀኝ ሁልጊዜ አረፍዳለሁ። ስደርስ ልጆቹ ተከፋፍለው ጨርሰዋል፤ በሁለት ድንጋዮች መሃል ያለችው ቦታ ብቻ እኔን ትጠብቃለች።

ሜዳችን በቤቶች መሃል ተረስታ የቀረች ክፍት ቦታ ነበረች። ዛሬ ፎቅ ቆሞባታል። እኔ ስወድቅባት የኖርኩባት ጥግ አሁን የመኪና ማቆሚያ ናት፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ክርኔን ያመኛል። አንደኛው ጎል ጀርባውን የሰጠው ለአንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ባምቢስ አካባቢ የልብስ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኛ ግን በሌሉበት «ኳስ አራጁ» እንላቸው ነበር። ግቢያቸው የገባች ኳስ በሕይወት አትወጣም። ቢላዋ ይዘው ብቅ ይሉና፣ በቃ፣ ፍስስስ! የካልሲ ኳስ እንኳን ብትሆን አይምሯትም፤ ስፌቷን አግኝተው ይተረትሯታል። የልብስ ነጋዴ አይደሉ! በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ቤተሰባቸውን ይዘው አገር ቤት ሲሄዱ ብቻ ኳሶቻችን እፎይ ይላሉ። ለኛ አዲስ ዓመት የሚገባው ያኔ ነበር።

የሜዳው ሕግ አንድ ነው፤ ኳሷን የሚያመጣት የገባበት ሰው ነው። ስለዚህ አጥሩን የምዘለው እኔ ነኝ። መግባቱ ቀላል ነው። መውጫው ላይ ግን ከቆርቆሮው ጫፍ ብቅ ያለች አንዲት ሚስማር ነበረች፤ ከማንም ጋር ጠብ የላትም፣ የኔን ቁምጣ ብቻ ነው የምትፈልገው። ያውም ከመቀመጫው ላይ። እናቴ ስትጥፍ ሚስማሯ ስትቀድ፣ በመጨረሻ ከቁምጣዬ ላይ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበር እናቴ ራሷ ጠፋባት።

ጋሼ ቢላዋቸውን ይዘው ሲወጡ ሁልጊዜ የሚደርሱት እኔ አጥሩ ላይ ስሰቀል ነው። ፊቴን አይተውት አያውቁም። የሚያዩት ወደ ሰማይ የዞረ የተቀደደ ቁምጣ ነው።

«ዙር! ፊትህን አሳየኝ፣ አንተ ዱርዬ!» ይላሉ ከታች።

ማን ይዞራል?

«ግድ የለም! ይሄን መቀመጫ አውቀዋለሁ! የትም ባየው አውቀዋለሁ!»

ኳሷን የምታተርፍልኝ ሴት ልጃቸው ናት። አባቷ ቢላዋ ፍለጋ ጓዳ ሲገቡ፣ ኳሷን ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ስር ትደብቃትና እኔ ስዘል አውጥታ ትወረውርልኛለች። የመጀመሪያ ቀን ያለችኝ «ዛሬ ስንት ገባብህ?» ነበር። በሁለተኛውም ቀን ያንኑ። ሌላው ሰው ፍቅሩን የጀመረው በምን ቃል እንደሆነ አላውቅም፤ የኛ የተጀመረው በዚህ ነው። በሕይወቴ ስንት ጎል እንደገባብኝ የምታውቅ ሰው ብትኖር እሷ ብቻ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ወዲያ በአጥሩ በኩል ባለው ጎል ስቆም ኳስ ታዳልጠኝ ጀመር። ጓደኞቼ «ይሄ ልጅ በዚህኛው ጎል ወንፊት፣ በዚያኛው ግድግዳ የሚሆነው ምን ሆኖ ነው?» እያሉ ብዙ ተመራመሩ። ማንም አልደረሰበትም። ጎል ሲገባበት ፀጉሩን በእጁ የሚያስተካክል በረኛ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዓመታት አለፉ፤ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለኳስ ቡድኑ ተጠባባቂ በረኛ ሲፈልግ ወሰደኝ። ቡድኑ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ደሞዙም ከዚያው ነው፣ ልምምድ የሚወስደን ሚኒባስም ከዚያው ግቢ ይነሳል። ደሞዝተኛ ከሆንኩ እንግዲህ ሽማግሌ መላክ ነው። ችግሩ ጋሼ ናቸው። «ልጄን ለኳስ ተጫዋች ከምሰጥ ሱቄን ለእሳት እሰጣለሁ» ብለው በሰው ፊት ምለዋል።

«ምን ብለው ይንገሩልህ?» አለችኝ ልጅቷ።

«እውነቱን ነዋ።»

«እውነቱን ከነገሩትማ ቢላዋውን ነው የሚያመጣው።»

ስለዚህ ሽማግሌዎቹን «መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው በሉ፤ ከዚያ አትለፉ» ብዬ ለመንኳቸው። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ዝምተኞች ናቸው። ሦስተኛው ግን ቄራ ልኳንዳ ቤት የነበራቸው፣ ድምፃቸው ከበሬ የሚበልጥ፣ እሁድ ከስታዲየም የማይጠፉ ሰው ነበሩ። የዚያን ቀን የሆነውን ከሦስቱም ሰምቼዋለሁ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው የነገሩኝ። እኔ እንኳን ምንም መጨመር አላስፈለገኝም።

ጋሼ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ። ስለ ዘር ተጠየቀ፣ ስለ ጠባይ ተጠየቀ፣ ሁሉም ደህና ሄደ።

«መሥሪያ ቤት ነው ብላችሁኛል» አሉ ጋሼ። «ሥራው ምን ላይ ነው?»

ሁለቱ ዝምተኞች መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ልኳንዳው ደረታቸውን ነፉ።

«በረኛ ነው!»

ከሁለቱ አንዱ እንደነገሩኝ፣ በዚያች ቅጽበት ዓይናቸው የጫማቸውንና የውጪውን በር ርቀት ይለካ ነበር። ጋሼ ግን አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡ።

«የመሥሪያ ቤቱ በረኛ?»

«የመሥሪያ ቤቱ!»

«ይሄማ ጥሩ ነው» አሉ ጋሼ። የታያቸው ሌላ በር ነው። «በር ላይ የሚቆም ሰው ቁምነገረኛ ነው። ቀን ነው ወይስ ማታ?»

«ቀን ነው። ብቻ ቅዳሜና እሁድ ይበረታበታል።»

«ብቻውን ነው የሚጠብቀው?»

«ኧረ ከፊቱ አራት ሰዎች አሉ። እነሱን ሳያልፍ እሱ ጋ የሚደርስ የለም።»

«አራት! ትልቅ መሥሪያ ቤት ነዋ! ዱላ ነገር ሰጥተውታል?»

«ጓንት ነው የሚሰጡት።»

«እሱም ለብርዱ ደህና ነው» አሉ ጋሼ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቁ። «ለመሆኑ ገብቶበት ያውቃል?»

«ጋሼ፣» አሉ ልኳንዳው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ «እዚያ ቤት ከተቀጠረ ጀምሮ አንድም አልገባበትም! ካልኩት አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን ቢላዋዬ ይዶልድም!»

መሐላው እውነተኛ ነበር። ጋሼ ልጃቸውን ሰጡ። ሽማግሌዎቹ ከግቢው ከወጡ በኋላ ነው ልኳንዳው ሁለቱን «ቆይ፣ እናንተ እግሬን ስትረግጡኝ የነበረው ምን ሆናችሁ ነው?» ብለው የጠየቁት።

ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ውሸት ይስተባበላል። እኔን የያዘኝ ግን እውነት ነው፣ ያውም የተመሰከረበት። የሠርጉ ቀን ተቆረጠ፣ ካርዱ ታተመ፤ በየቀኑ ዛሬ ይነቃብኝ ይሆን እያልኩ ነው የምውለው። አንድ ጠዋት ልጅቷ ደወለች።

«አባዬ ባምቢስ ያለውን ሱቁን ከመክፈቱ በፊት አንተ ጋ ሊመጣ ነው። ሥራ ላይ ሊያይህ ነው። በሩ ላይ ካላየህ አለቀልን።»

የመሥሪያ ቤታችን እውነተኛ በረኛ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ሮጬ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ኮታቸውንና ቆባቸውን ለግማሽ ሰዓት እንዲያውሱኝ ለመንኩ።

«ማለትህ፣» አሉ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ፣ «አንተ የኔን ቦታ ልትይዝ?»

«ምን አለበት ጋሽዬ፣ ሁለታችንም በረኞች አይደለን?»

«ልጄ፣ እኔ የምጠብቀው በር ቢያንስ ይዘጋል።»

ይህን ካሉ በኋላ አወለቁልኝ። ኮቱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ። ቆቡ እስከ ቅንድቤ ወረደ። ቆሜ ሳልጨርስ ጋሼ ባርኔጣቸውን አድርገው ከች አሉ። አሁን ምን ይደረጋል? በረኛ ምን እንደሚያደርግ ያወቅኩትን ያህል አደረግኩ።

«ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፍተሻ አለ።»

«እኔንም?»

«ማንንም።»

እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ከነጋዴ ኪስ የሚገኘውን ሁሉ፣ ቁልፉንም ሜትሩንም፣ አንድ በአንድ ዳበስኩ። ባርኔጣቸውን ሳይቀር አስወልቄ ውስጡን አየሁ። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

«ጎበዝ!» አሉ። «ዘመድም አታውቅ! እንዲህ ነው እንጂ!»

ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የቡድኑ ሚኒባስ ከግቢ ወጣና አጠገባችን ቆመ። አሰልጣኛችን አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አንተ! የማን ኮት ነው የለበስከው? ልምምድ የለህም እንዴ?»

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «የምን ልምምድ ነው?»

«የ... የእሳት አደጋ ልምምድ ነው ጋሼ።»

«እሳት የሚያጠፋው በረኛ ነው?»

«በሩን የሚከፍትላቸው ማን ሆነና?»

ትንሽ አሰቡና «እውነትህን ነው» ብለው መርቀውኝ ወደ ሱቃቸው ሄዱ። እኔ ከነኮቱ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። ወታደሩ በሸሚዝ ቀርተው፣ ከኋላ እየተጣሩ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ አሯሯጡን።

ከዚያ በኋላ የእሁዱ ነገር መጣ። ጋሼ ወደውኛል፤ እሁድ እሁድ ምሳ ይጠሩኛል። እኔ ደግሞ እሁድ ጨዋታ አለብኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እሁድ ስታዲየም በር እጠብቃለሁ» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

«ያ የዱርዬ ቦታ?»

«ለዚህ እኮ ነው ጠባቂ ያስፈለገው።»

ነገሩ አንጀታቸውን በላው። የልጃቸው እጮኛ እሁድ ቀን፣ ፀሐይ ላይ፣ በዱርዬ መሃል፣ ምሳ ሳይበላ ቆሞ ሲውል ታያቸው። በቀጣዩ እሁድ ማንንም ሳያማክሩ ክትፎና ቆጮ በምሳ ዕቃ አስደርገው፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው፣ ከካዛንቺስ በእግራቸው ወደ ስታዲየም ወረዱ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ድረስ ሲነግሩት ድምፃቸውን ይቀይራሉ።

በሮቹን አንድ በአንድ ዞሩ። እኔ የለሁም። በመጨረሻ ትኬት የሚቆርጠውን ልጅ ጠየቁት።

«የኔ ልጅ፣ በረኛው የት ነው ያለው? ምሳ ይዤለት ነው።»

«የማን በረኛ ነው አባባ?»

የመሥሪያ ቤቴን ስም ነገሩት። ልጁ ፈገግ አለ።

«የነሱ በረኛማ ውስጥ ነው።»

«ውስጥ ደግሞ ምን በር አለ?»

«ሁለት አለ አባባ። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ።»

ትኬትም ሳይጠይቅ አስገባቸው። ጋሼ ሚስማር ተራ የሚባለው ቦታ፣ ከአንደኛው ጎል ጀርባ ሄደው ተቀመጡ። ምሳ ዕቃውን ጭናቸው ላይ አድርገው ረጅም ኮት የለበሰ ሰው በዓይናቸው ይፈልጉ ጀመር።

እኔ ከማዶ ቤንች ላይ ነኝ። አንድ ለዜሮ እየመራን ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ ሙዝ እየላጥኩ ነው። ከዚያ ያ ጉንፋን የሚሸሸው በረኛችን ከአጥቂያቸው ጋር ተጋጨ። አጥቂው ወደቀ፣ በረኛችንም ወደቀ። አጥቂው ተነሳ፤ በረኛችን ክንዱን ይዞ ቀረ። ዳኛው የፍጹም ቅጣት ምቱን ነጥብ አመለከተ። ሪጎሬ!

አሰልጣኙ ወደኔ ዞረ። እኔም ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ ከኋላዬ ሰው የለም።

«ሂድ!» አለኝ።

«የት?»

«ቤትህ! የት ትላለህ እንዴ? ግባ!»

ጓንቱን ከቦርሳዬ ሥር፣ ከፎጣው በታች ቆፍሬ አወጣሁ። ታኬታዬን አሰርኩ። ወደ ጎሉ ስሮጥ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሰው ስታዲየም ውስጥ ለኔ ሲያጨበጭብ የመጀመሪያው ነው፤ ጭብጨባውም ራሴ ላይ ወጣ። ስንት ዓመት ቤንች ላይ ሆኜ ያለምኳት አንዲት ነገር ነበረች። ትልልቆቹ በረኞች በቴሌቪዥን እንደሚያደርጉት፣ ጎሉ ጋ ደርሼ፣ ቱታዬን በአንድ ስበት አውልቄ ወዲያ መጣል። ደረስኩ። ፊቴን ወደ ሜዳው፣ ጀርባዬን ወደ ሚስማር ተራ ሰጠሁ። በሁለት እጄ ያዝኩና፣ ጎንበስ ብዬ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሳብኩት።

የአየር ጠባዩ የተለወጠብኝ ያኔ ነው።

ከቱታዬ ስር ቁምጣ የለም። ያለው ሙታንታ ነው። አንድ ወቅት ነጭ የነበረ፣ ላስቲኩ የላላ፣ እናቴ ከኋላው በሌላ ቀለም የጣፈችው ሙታንታ። ላወጣው ብል ቱታው ታኬታዬ ላይ ተጠምጥሟል። ስታዲየሙ አንድ ጊዜ ትንፋሹን ዋጠ፣ ከዚያ ፈነዳ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል፣ ከጀርባዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ለብቻው ወጣ።

«ይሄን መቀመጫ አውቀዋለሁ!»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞርኩ። ጋሼ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ምሳ ዕቃ፣ በሌላው እጃቸው እኔን እያመለከቱ። ፊቴን አዩት፤ ወደ ታች አዩ፤ እንደገና ፊቴን አዩት። በረኛው፣ ኳስ ተጫዋቹና አጥር ዘላዩ አንድ ሰው እንደሆኑ ሲገባቸው በዓይኔ አየሁ። የሠርግ ካርዳችን ሲቀደድ ሰማሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ዳኛው ሳቁን በእጁ ሸፍኖ ፊሽካውን ነፋ። ቱታዬን ወደ ላይ ጎትቼ መስመሩ ላይ ቆምኩ። ኳሷን አላየኋትም፤ የማስበው ልጅቷን ምን እንደምላት ነው። ብቻ አጥቂው ሮጠ፣ መታ፣ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ በርራ ሚስማር ተራ ገባች። የት አረፈች? ጋሼ እቅፍ ውስጥ፣ ከምሳ ዕቃው ላይ።

ሕዝቡ «አባባ ኳሷን! አባባ ኳሷን!» ይላል። ጋሼ አይሰሙም። ኳሷን አገላበጡ፤ በአውራ ጣታቸው ስፌቷን ዳሰሱ። እኔ ያንን እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ፤ ቢላዋ ከመምጣቱ በፊት የሚደረግ ነው። ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። የስታዲየሙ የብረት አጥር ነው፤ እሳቸው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ።

«ገባብህ?» አሉኝ።

«አልገባብኝም ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ይኸው እርስዎ ጋ ናት።»

ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ንዴት መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ለብዙ ዓመት የተጠራቀመ ሳቅ። ልጃቸው ያን ሁሉ ጊዜ ከሳፋ ስር አውጥታ እንደወረወረችልኝ፣ ልክ እንደዚያው አድርገው፣ ኳሷን በአጥሩ ላይ ወረወሩልኝ።

«እንካ! ቶሎ በል፣ ምሳህ እየቀዘቀዘ ነው!»

ኳሷን አስቀምጬ ወደ መሃል እንደመታኋት ዳኛው ጨዋታውን ጨረሰ። ያንን ክትፎ ስታዲየሙ በር ላይ፣ ጋሼ ቆመው እያዩኝ፣ ቆሜ በላሁት። ስለ ሠርጉ ያሉት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ «ከሱቄ ቁምጣ አመጣልሃለሁ፤ ከሙሽራው ሱሪ ስር ትለብሰዋለህ።» አመጡም። ለበስኩም። የአጥራቸውን ሚስማርም በጨዋታው ማግስት በገዛ እጃቸው ነቀሏት።

ጓንቴን እስከሰቀልኩበት ቀን ድረስ እሁድ እሁድ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ሚስማር ተራ አይጠፉም ነበር። እኔ እንደገና ቤንች ላይ ነኝ፤ ዋናው በረኛ ክንዱ ድኖለታል። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ሲጠይቃቸው «ያ ከማዶ የተቀመጠው የኔ ልጅ ነው፤ በረኛ ነው፤ አንድም ገብቶበት አያውቅም» ይላሉ። ጉራውን ከማን እንደተማርኩ አሁን ገብቷችኋል።

በሰፈር ስለዚያች ሪጎሬ ብዙ ተወርቷል። አጥቂውን በዓይኔ አስፈራርቼው ነው ይባላል፤ ይህን ወሬ ማን እንደጀመረው አልናገርም። አጥቂውን በኋላ ካዛንቺስ አግኝቼው ሻይ ጋብዤው ነበር። የሳተው ከሳቁ ብዛት እንባው ዓይኑን ሸፍኖት፣ ኳሷ ሁለት ሆና ስለታየችው እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም፤ ኳሷንም አልነካኋትም። በዚያ ሊግ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በጨዋታ ላይ በእጄ የያዝኳት ብቸኛ ኳስ አማቼ የወረወሩልኝ ናት።